እኔ ዘንድ የተቀመጠው ኒካሕ

ካርቱም ውስጥ በነገድኩባቸው ዓመታት ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። የተሰነጠቀ ስክሪን ልቀይር ብዬ ደህናውን ሰብሬአለሁ፤ ታመመ የተባለ ስልክ ተቀብዬ ሬሳ መልሻለሁ። ለሁሉም ሰበብ ነበረኝ። ሰበብ የማያውቅ ሰው ሱቅ ባይከፍት ይሻለዋል። ይህን የምጽፍላችሁ ግን ከሰበቦቼ መካከል አንዱ፣ ያም ከሁሉ የማይረባው፣ ከሚገባው በላይ ስለሠራልኝ ነው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ተነስቼ በመተማ ስሻገር የያዝኩት አንድ ሻንጣ የስልክ ቻርጀር ብቻ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ ፈተናውን አስቀድሞ ሰጥቶ ትምህርቱን በኋላ ያመጣል። ጀሪፍ ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የሚተርፍባት ሱቅ ነበረችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፤ ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ እሸጣለሁ። የሱቁ ፈቃድ በአንድ ሱዳናዊ ጎረቤቴ ስም ነው። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፖሊስ ሲመጣ ደንበኛ እሆናለሁ። አንድ ጊዜ የራሴን ቻርጀር ዋጋ ጠይቄ፣ "ውድ ነው" ብዬ ከራሴ ሱቅ ተቆጥቼ ወጥቻለሁ።

ከዚህ ሌላ ያልተጻፈ ሥራ ነበረኝ። አል-ማንሺያ ባሉት ትልልቅ ቤቶች የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች፣ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች፣ የሚያስቀምጡት ነገር አያጡም፤ የፓስፖርት ኮፒ፣ የሞተች እናት ፎቶ፣ ከአገር የመጣ የድምፅ መልእክት። ስልካቸውን ማዳሞቻቸው ይፈትሹታል፤ ካልተፈተሸ ይሰረቃል፣ ካልተሰረቀ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እኔ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡታል። ለእያንዳንዷ በስሟ ፎልደር ከፍቼላታለሁ። "ደሳለኝ ዘንድ አለ" ካሉ ነገሩ ብረት ሣጥን ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። ለዚህ አላስከፍልም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ አደራ ያስቀመጠ ሰው ስልኩን ሌላ ቦታ አያስጠግንም።

ሉባባ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። የባቲ ልጅ፣ ረጅም፣ ሳቋ ከሱቁ ቀድሞ ዳቦ ቤቱ የሚሰማ። አል-ማንሺያ ስትሠራ ኢስማኢል የሚባል ሱዳናዊ የጎረቤት ቤት ሹፌር አገባት። ጋብቻው መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ጀሪፍ አንድ ግቢ ውስጥ ሸኹ ተቀመጡ፣ ሁለት ምስክር ተገኘ፣ ኒካሑ ታሰረ፣ ቴምር ተበላ፣ አበቃ። ሩቅያ ተወለደች። ልጅቱ ድክ ድክ ስትል ኢስማኢል ቤተሰቡ የመረጠለትን አገባና "ሉባባ የምትባል ሴት አላውቅም" አለ። ሸኹ ዐርፈዋል። ከምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል። የቀረው ይኸው የጠፋው ምስክር በሉባባ ስልክ የቀረጸው የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

ሩቅያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤቱ የዜግነት ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩ አባት ይጠይቃል። አባት ደግሞ ክዷል። ሉባባ ከሰሰች።

ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ከስልኳ ስገለብጥ፣ ማዳሟ እንዳታየው ከዚያ ሊጠፋ ስለሆነ፣ በደንብ መገልበጡን ላረጋግጥ ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ኢስማኢል ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ የሸኹን እጅ ጨብጦ፣ "ቀቢልቱ" ይላል፤ ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። ከአፉ ይልቅ በአፍንጫው የሚወጣ ድምፅ አለው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ ይስቃል።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሉባባ ወደ ገበያ ስትላክ ጎራ አለች።

"ደሱ፣ ሐሙስ ጠዋት መህከማ ነኝ" አለችኝ። ፍርድ ቤት ማለቷ ነው። "ቃዲው በሲዲ አምጪው ብለውኛል። አለ አይደል?"

"የት ይሄዳል?"

"እንዲያው ልየው።"

ከፈትኩላት። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። ሲያልቅ "ያን ጊዜ እንዴት ከስቼ ነበር ጃል!" አለች። ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተናገረችም።

"ረቡዕ ነይ፣ ሲዲው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል።"

"አደራ ደሱ።"

"በምድርም በሰማይም" አልኳት እየቀለድኩ።

ስትወጣ፣ ረቡዕ እንዳልረሳው ብዬ፣ ፎልደሯን ከሌሎቹ መሀል አውጥቼ ዴስክቶፑ ላይ፣ ዓይኔ ፊት አስቀመጥኩት። አልገለበጥኩትም፤ ቆርጬ ነው የወሰድኩት። ኮምፒውተር የምታውቁ አሁኑኑ "ወይኔ" ብላችኋል። ለማታውቁ ላስረዳ። የአብዛኛው ሰው ዲስክ ሁለት ክፍል አለው። ዊንዶውስ የሚኖርበት ሲ ይባላል፤ የሰው ዕቃ የሚቀመጥበት ዲ ነው። ዴስክቶፕ ፊት ለፊት ስለሚታይ የትም ያለ አይመስልም እንጂ መኖሪያው ሲ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዲ ውስጥ ነበሩ። ሉባባን ብቻ እንዳትጠፋብኝ ብዬ ሲ ውስጥ ከተትኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ከዱባይ ዕቃ መሀል ጥሩ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል በሉት፣ አገኘሁ። ፈጣን ኮምፒውተር የሚፈልግ የኦምዱርማን ሰው ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ቀጠሮ አለን። ይህን ፕሮሰሰር የሚቀበል ማዘርቦርድ ያለው ደግሞ የራሴ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ልሸጠውና እኔ በሌላ ልሠራ ወሰንኩ። አንድ እንቅፋት ነበረ፤ ባዮሱ አሮጌ ነው።

ባዮስን እንደ ግቢ ዘበኛ ቁጠሩት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ነቅቶ "ዲስክ አለህ? ሚሞሪ አለህ? አንተ ፕሮሰሰር ማነህ?" እያለ የሚያስገባ እሱ ነው። የእኔው ዘበኛ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ እንዲያውቀው መታደስ አለበት። ማደሻው ፋይል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጧል፤ ግን በማዕቀቡ የተነሳ ሱዳን መሆንህን ሲያውቅ በሩን ይዘጋብሃል። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ አውርዶ በኢሜይል ላከልኝ። መብራት እንዳይሄድብኝ ስምንት ደቂቃ ያህል ስጸልይ ቆየሁ። አልሄደም። ታደሰ። ፕሮሰሰሩን ቀየርኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

ማራገቢያው ዞረ። የዊንዶውሱ ምልክት መጣ። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ አለና ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና ምልክቱ፣ እንደገና ሰማያዊው፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰማያዊው ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ ከማንበብህ በፊት ይጠፋል።

የድሮውን ፕሮሰሰር መለስኩ። ያው ነው። ሚሞሪውን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁ። ያው ነው። አቧራውን አራገፍኩ፤ ካርቱም ውስጥ አቧራ ማራገፍ እንደ ዱዓ ነው፣ ባይጠቅምም አይተውም። የዲስኩን ገመድ ቀየርኩ። ትንሿን ባትሪ አውጥቼ መለስኩ። ያው ነው። ላቤ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬ ለሙዕተሲም ደወልኩ።

ሙዕተሲም መሀል ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ በሥራው የማውቀው ሁሉ የሚያከብረው ሰው ነው። እናቱ የእኛ፣ አባቱ ሱዳናዊ። ካርቱም ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ትንሽ ያነክሳል። እኔን "ያ ኻሊ" ይለኛል፤ የእናቴ ወንድም እንደ ማለት።

"ዲስኩን አትንካው ያ ኻሊ" አለኝ። "ወላሂ እንዳትነካው። ነገ ጠዋት እኔ መጣለሁ።"

"ገዢዬ ከሰዓት ነው የሚመጣው።"

"ገዢ ይጠብቃል።"

ገዢ አይጠብቅም። ይህን ሙዕተሲም አያውቅም፤ የደሞዝተኛ አእምሮ ነው ያለው። እኔ ደግሞ በጀሪፍ ገበያ የታወቀ አንድ መድኃኒት ነበረኝ፦ ፎርማት። ኮምፒውተር ምንም ይሁን፣ ቫይረስ ይሁን፣ እርጅና ይሁን፣ ሲው ይጠፋና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ዲስኩን አውጥቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ደህና ተከፈተ። ጤነኛ ነበር፤ ሲም ዲም ፊቴ ተዘርግተው ነበር። አንድ ጊዜ ብጫነው ዴስክቶፔ ውስጥ "ሉባባ" የሚል ይታየኝ ነበር። አልተጫንኩትም። ሲ ውስጥ ዊንዶውስ እንጂ ሰው የለም ብዬ ደምድሜአለሁ። ዲን በሙሉ ገለበጥኩ፣ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ሳላነብ በጣቴ አለፍኳቸው፣ ዲስኩንና አዲሱን ፕሮሰሰር መለስኩ፣ ዲን ባዶ አደረግኩ፣ ሲን አጠፋሁ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩ።

ኮምፒውተሩ እንደ ሚዳቋ ተነሳ። እንዴት እንደኮራሁ! ነጭ ቆብ ያደረገው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባው የኦምዱርማን ሰው መጣ፣ አየ፣ "ያ ሐበሺ፣ ይኼ እኮ ንፋስ ነው!" አለ፣ ተሸክሞ ሄደ። ኦምዱርማን ገበያ፣ አውቶቡሶቹ የሚዞሩበት አጠገብ፣ ለሰው ስልክ ዘፈንና ፊልም የሚሞላ ሱቅ እንዳለው ሲወጣ ነገረኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሙዕተሲም ቦርሳውን ይዞ መጣ።

"የታለ በሽተኛው?"

"ድኖ፣ ተሸጦ፣ ኦምዱርማን ገብቷል።"

"በምን አዳንከው?"

"በፎርማት።"

ተቀመጠ። የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ምልክቱ መጥቶ ነው ወይስ ሳይመጣ፣ ሰማያዊው ከስንት ሰከንድ በኋላ። ሲጨርስ ሳቀ። "ያ ኻሊ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ባዮስ ስታድሰው ሴቲንግ ሁሉ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። ያንተ ዊንዶውስ ዲስኩን በድሮው መንገድ ያነበው ነበር፤ ባዮሱ ወደ አዲሱ መንገድ ቀየረበት። ገብተህ አንድ መስመር ትመልሳለህ፣ ኻላስ። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።"

ዘበኛው አዲሱን እንግዳ ሲያውቅ የቤቱን ሰዎች ረስቶ ኖሯል ማለት ነው። ሳቅኩ። አሁን ምን ያደርጋል፣ ተሽጧል። የሉባባን ሲዲ ላዘጋጅ ብዬ የተገለበጠውን ዲ ከፈትኩ። ዘምዘም አለች። ሐያት አለች። ከድጃ፣ ፋጡማ፣ ሌላዋ ፋጡማ። ሉባባ የለችም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። በስሟ ፈለግኩ። ኮምፒውተሩ ምንም አላገኘሁም አለ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

"ሰላሙ ዐለይኩም" አለች ሉባባ በሩ ላይ። አዲስ ሻሽ አድርጋለች። "ደሱ፣ ማዳም ለግማሽ ሰዓት ነው የፈቀደችልኝ። ደረሰ?"

አፌ ከእኔ ቀደመ። እውነቱን ልናገር ወይስ አልናገር ብዬ አስቤ አልነበረም፤ ሰበብ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ልማድ ከሆነ አይታሰብም።

"ሉባባዬ፣ ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። ዲስኩን ከህረባ አቃጠለው።" ከህረባ ያልኩት ኤሌክትሪኩን ነው።

ሙዕተሲም ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጫማውን አየ።

ሉባባ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "የሌሎቹስ?" አለች።

"የሌሎቹ ተርፏል። ያንቺ የነበረበት ክፍል ነው የተቃጠለው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ስለ ሌሎቹ ነው ያመሰገነችው። "ያች ዘምዘም የእናቷ ፎቶ ቢጠፋ ታብድ ነበር።" ተነሳች። "ቀደር ነው ደሱ፣ የአላህ ውሳኔ። መብራት የምታዝ አንተ አይደለህ፤ ምን ታደርግ? እኔው ነኝ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ የነበረብኝ።" አጽናናችኝ። እኔን!

እንደወጣች ሙዕተሲም ወደ አረብኛ ተመለሰ፤ ሲናደድ አማርኛው አይበቃውም።

"ይቺ ሴት ምን ነበር ያስቀመጠችው?"

ነገርኩት። ኒካሑን፣ ልጅቱን፣ የነገውን ፍርድ።

"ያ ኻሊ፣ እኔ ወረቀት ያለኝ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። አባቴ ስላልካደኝ ነው። ተነስ።"

"ወዴት?"

"ኦምዱርማን። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። የጫንከው ዊንዶውስ ያልነካው ቦታ ላይ ከሆነ አወጣዋለሁ። ያላ!"

አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀረ። ፀሐይዋ ጣሪያውን ዘልቃ ጭንቅላታችን ላይ ተቀምጣለች። ሙዕተሲም አያናግረኝም። እኔ ሰውዬው እንዳይሠራበት፣ ሰነፍ እንዲሆን፣ ታሞ እንዲውል እለምናለሁ። በሕይወቴ ለአንድ ደንበኛ ስንፍናን የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አውቶቡሶቹ የሚዞሩበት ስንደርስ ስልክ የሚሞሉ ሱቆች አንድ ረድፍ ሙሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሯል፣ አንዱ ዘፈን ሌላውን ይበላዋል። ከዳር ጀምረን ስንጠይቅ አምስተኛው ላይ ነጩ ቆብ ብቅ አለ።

"ያ ሐበሺ! አህለን! ኮምፒውተርህ እሳት ነው እኮ!"

"ምን ጫንክበት?" አለ ሙዕተሲም፣ ሰላምታውንም ሳይመልስ።

"ምን ያልጫንኩበት አለ? ያንተን ክፍፍል አጠፋሁና ዲስኩን አንድ ወጥ አደረግኩት። የህንድ ፊልም፣ ተከታታዩን ሁሉ። እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ!" ሆዱን መታ መታ አደረገ፣ ዲስኩ እሱ እንደሆነ ሁሉ።

ነገሩን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። ጥሩ ሰው ነው፤ ደንበኞቹን መልሶ በሩን ገርበብ አደረገ፣ ሻይ አዘዘልን፣ ለኢስማኢል ሰባት ቤት የሚበቃ እርግማን አወረደ። ሙዕተሲም ፕሮግራሙን ከፍቶ ዲስኩን ማስፈተሽ ጀመረ። ሦስታችንም አንዲት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስትሳብ እያየን ተቀመጥን። የቀትሩ ሶላት ዙህር ተሰግዶ የከሰዓቱ ዓስር ተቃረበ።

"አገኘሁ" አለ ሙዕተሲም።

ስሙ ነበር። እኔ ራሴ የጻፍኩት፣ "ሉባባ ኒካሕ"። መጠኑም ልክ ነው። ሙዕተሲም ሁለት ጊዜ ተጫነ።

አንዲት የህንድ ልጅ ምንጭ ዙሪያ እየተሽከረከረች ትጨፍራለች።

ባለቆቡ ከልማዱ የተነሳ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሙዕተሲም ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ያው ናት። ስሙ ቀርቷል፤ ሥፍራው ግን ተወርሷል። "መቃብሩ አለ፣ ሬሳው የለም" አለ በአረብኛ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያናገረኝ አንድ ጊዜ ነው።

"አንተ አይተኸዋል። ነገ ግባና ያየኸውን ተናገር።"

"ክርስቲያን ነኝ፤ ቃሌ እዚያ አይቆጠርም።"

"ጠይቀሃል?"

"ኢቃማም የለኝም ሙዕተሲም።"

"እሱ ሌላ ነው። እንግዲያው እሱን በል።"

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ልናገር ይሁን ልመለከት ብቻ እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ኪስ ዳብሶ ያስገባል እንጂ ወረቀት አይጠይቅም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከአንድ ወፍራም ሰው ጀርባ ተቀመጥኩ። ከፊት ሉባባ፣ ጎኗ ሩቅያን ይዛለች፤ ልጅቱ አዲስ ነጭ ካልሲ አድርጋለች፣ እግሯ ወለሉን ስለማይነካ ታወዛውዘዋለች። ማዶ ኢስማኢል። ግድግዳው ላይ ሌላ ፖሊስ ተደግፏል፤ በእኔና በቃዲው መካከል።

ቃዲው መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የተሰቀለ ሽማግሌ ናቸው። በቁጣ አልተናገሩም። "ልጄ፣ ማስረጃው የታለ?" አሏት።

"የለም ጌታዬ። ቪዲዮው አንድ ሐበሻ ሱቅ ተቀምጦ ነበር። ከህረባ አቃጠለው።"

ኢስማኢል ጉሮሮውን ጠረገ።

"ባለሱቁ በዓይኑ አይቶታል?"

"አይቶታል።"

"መጥቷል?"

ሉባባ ዞረች። ረድፉን በዓይኗ ሄደችበት፣ ወፍራሙ ሰው ጋ ደረሰች፣ አለፈችው፣ አገኘችኝ። በደንብ አየችኝ። እኔ እጄን ማንሳት ነበረብኝ። እጄን አየሁት፤ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል፣ የራሱ ጉዳይ ያለው ይመስላል። ከዚያ እሷ ፖሊሱን አየች፣ እኔን ደግማ አየችኝ፣ ወደ ቃዲው ተመለሰች።

"አልመጣም" አለች።

ቃዲው ምስክር ከሌላት የቀረው የተከሳሹ መሐላ መሆኑን አስረዷት፤ ይማል ትላለች ወይ? "ይማል" አለች። ኢስማኢል ቁርአኑ ላይ እጁን ጫነ። "ወላሂል ዓዚም፣ ይቺን ሴት አላገባኋትም።" ያው ድምፅ ነው። ያ በአፍንጫው የሚወጣ፣ "ቀቢልቱ" ያለበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የምናውቅ ሦስት ነበርን፤ አንዱ የማለው፣ አንዷ የከሰሰችው፣ አንዱ ከወፍራም ሰው ጀርባ የተሸጎጠው።

ውጭ፣ አውቶቡስ በሚጠበቅበት የኒም ዛፍ ጥላ ስር አገኘኋት። ሩቅያ ካልሲዋን ታራግፋለች።

"አይተሽኝ ነበር" አልኳት።

"አይቼህ ነበር።"

"ለምን አልመጣም አልሽ?"

"ፖሊሱስ? ይዘው ድንበር ላይ ቢጥሉህ፣ ያን ሁሉ ሴት አደራዋን ማን ይጠብቅላት? እኔስ አንዴ ተቃጥሎብኛል።"

ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ከህረባ እንዳልነበር፤ እኔው ለሽያጭ ቸኩዬ፣ ዴስክቶፑን ረስቼ፣ በገዛ ጣቴ እንዳጠፋሁት፤ ኦምዱርማን ድረስ እንደተከተልኩት። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ትናንት ጠዋት። ስትመጪ።"

"ዛሬ ጠዋት፣ ከመግባቴ በፊት ብትነግረኝኮ፣" አለች፣ "ቃዲው ሲጠይቁኝ 'ያውና' እል ነበር።"

አውቶቡሱ መጣ። ልጅቱን አንስታ አሳፈረቻት፣ እሷም ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

ለማንም አልተናገረችብኝም። ይህን የማውቀው ሴቶቹ እንደ በፊቱ መምጣታቸውን ስላላቆሙ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዘምዘም አዲስ ፎቶ ይዛ መጣች። "ካንተ ውጭ የት ላስቀምጠው?" አለችኝ። ተቀበልኳት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሉባባ ልጇን ይዛ አገር ገባች። ባቲ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት የአባት ስም ተጠየቀ፣ የሉባባ አባት ስም ተጻፈ። ወረቀት ላይ ሩቅያ የእናቷ እህት ናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ አንድ ነገር መማር ከፈለጋችሁ እነሆ፤ ባዮስ አድሳችሁ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ ዲስኩን አትንኩ፣ ሴቲንጉን እዩ። እኔም ከዚያ ወዲህ የሰው ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት "ውስጡ ምን አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ እያንዳንዱን አደራ ሦስት ቦታ እገለብጣለሁ። ሥራ ተምሬአለሁ። ሥራ መማር ቀላል ነው፤ አህያም ጉድጓድ ሁለት ጊዜ አትገባም። ውሸቴን ግን ምንም ሴቲንግ አልመለሰውም። የሸሸሁትን ሳይሆን ያዘገየሁትን እውነት ነው የማስታውሰው፤ ምንም የማያስከፍለኝ ሰዓት ላይ ሲደርስ አውጥቼ ሰጠኋት። ነጋዴ ነኝ፣ ዋጋው እስኪወርድ ጠበቅኩ።

ቆይቼ ኢቃማዬን አሳደስኩ። አሁን ጠበቆች ደንበኞች አሉኝ፤ አንዱማ በመህከማ ጉዳይ ስሙ የወጣ ሽማግሌ ነው፣ በወር አንዴ ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ ጨዋታ ይወዳል። ክርስቲያን የውጭ አገር ሰው እዚያ ቆሞ በዓይኑ ያየውን ቢናገር ቃሉ ይቆጠርለት ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው ያውቀዋል፤ በሁለት ቃል ይመልስልኛል። "አይቆጠርም" ካለኝ አንድ ሌሊት ደህና እተኛ ይሆናል። ሌላውን ካለኝስ?

ስልኩን እጠግንለታለሁ፤ ስለ ሙቀቱ እናወራለን፤ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።